የከመነዳሪው ምልክት

ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት የሰውነት ማጎልመሻ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የሰው ልጅ ሰውነት የማጎለምስ ሰው ነኝ እንግዲህ። ባለፈው ክረምት ግን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የቀኝ ጭኔን በሁለት እጄ ስጨብጠው ጣቶቼ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። ግራው ያው የድሮው ነው። ቀኙ የሌላ ሰው እግር በስህተት የተገጠመልኝ ይመስል ነበር። ባለቤቴ እንዳታየኝ በሩን ዘግቼ ነበር ሱሪዬን የምቀይረው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው አብራኝ ስትኖር! እዩት እንግዲህ ሰው ሲጃጃል።

ጉዳቱ የደረሰብኝ በቅዳሜ ኳስ ነው። የጤና ቡድን አለን፤ ግማሻችን መምህር፣ ግማሻችን የቢሮ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ቦርጫም። ለጤና ተብሎ ይጀመርና በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሞት ሽረት ጨዋታ ይሆናል። አምበሉ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ኳሷን ይዤ ዞር ስል ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ወደቅሁ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን "አንዱ ጠልፎ ጣለኝ" እያልኩ ነው ያወራሁት። ሰው ሳይነካው በገዛ እግሩ የወደቀ የስፖርት መምህር መባልን ፈራሁ። ትንሽ ውሸት ናት፤ ማንንም አልጎዳችም። የሚቀጥለው ግን እንደዚያ አይደለም።

አዲስ አበባ ሄጄ የተበጠሰው ጅማቴ ተጠገነ። ሐኪሙ ሲሸኘኝ "የእኔ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የፊዚዮቴራፒ ነው" አለኝ። ተመልሼ እዚሁ አርባ ምንጭ ወደምታከምበት ሆስፒታል ስሄድ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት ከወንበሯ ብድግ ብላ "ቲቸር!" አለችኝ።

መምህር ሆናችሁ እንደኔ ዕድሜያችሁን አንድ ከተማ ውስጥ ከጨረሳችሁ ባንክ ብትገቡ ቲቸር ነው፤ መናኸሪያ ብትሄዱ ቲቸር ነው። ሁሉንም አላስታውስም፤ ፈገግ ብዬ "እንዴት ነሽ ልጄ" እላለሁ። ለእሷም እንደዚያው አልኳት። ማን እንደሆነች ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የሜዳውን አራት ዙር ሩጡ ብዬ ክፍሉን ሁሉ አሰማራሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ መጥታ ፊቴ ቆመች። ላብ በላብ ሆናለች። "ጨርሻለሁ ቲቸር" አለች። እኔ ደግሞ ከሜዳው ማዶ ካለው ማንጎ ዛፍ ጀርባ ገብታ አንድ ዙር ያጎደለች መስሎኛል። መስሎኛል ነው እንግዲህ፤ በዓይኔ አላየሁም። "ውሸታም! ስፖርት ላይ ማጭበርበር አልወድም!" አልኩና እዚያው ጠጠሩ ላይ አንበረከክኳት። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተንበረከከች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የዚያን ጊዜ ሁሉም መምህር ያንበረክክ ነበር፤ እኔም ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ።

ይህን ሳስታውስ ትንሽ ቅር አለኝ። ትንሽ ብቻ።

ሕክምናው ቀላል ይመስላል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ ኪሎ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስራ እግሬን አንሳ አለችኝ። አንድ ኪሎ! ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? እግሬን አንስቼ ሠላሳ ጊዜ ሠራሁና "ይቺ ናት?" አልኳት።

"ቆይ ቲቸር" ብላ ሳቀች። ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ሰፊ ማሰሪያ አወጣች፤ የደም ግፊት የሚለኩበትን ይመስላል፣ ግን ወፈር ያለና ረዘም ያለ ነው። የጭኔ ሥር ላይ ጠቀለለችው። እግሬ ላይ ያለውን የደም ሥር ድምፅ በአንዲት ትንሽ መሣሪያ እያዳመጠች ማሰሪያውን ነፋችው፤ መለኪያውን አየችና የሆነ ቦታ ላይ አቆመችው። "የሚገባው ደም ይገባል፤ የሚወጣው ግን ይዘገያል። ጡንቻዎ ከባድ ሸክም የተሸከመ ይመስለዋል። ጉልበትዎ ግን አንድ ኪሎ ብቻ ነው ያለበት። አሁን ሠላሳ ይሥሩልኝ።"

ወይ ጉድ! ሃያ ላይ ስደርስ ጭኔ እሳት ሆነ። ያቺ አንድ ኪሎ ኩንታል ሆነች። ትንሽ አሳረፈችኝና አሥራ አምስት፣ እንደገና አሥራ አምስት፣ እንደገና። ፈትታ አየሩን ስትለቀው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

"ይሄ መለኪያ ስላለው ነው" አለችኝ ስትጠቀልለው። "ለእያንዳንዱ ሰው እግር ልኩ ይለያያል፤ ሰዓቱም የተቆረጠ ነው። ቤትዎ ውስጥ በገመድ በምናምን እንዳይሞክሩ። እጅግ አደገኛ ነው ቲቸር።"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ!" አልኳት።

ከጎኔ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሸማኔ ናቸው፤ ከደጋው ከጨንቻ ወርደው ሲቀላ ሰፈር ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ወድቀው ጉልበታቸው ተሰብሮ የተጠገኑ ናቸው። የሸማኔ ሥራ የእጅ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ለካ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ቀኑን ሙሉ መርገጫውን ሲረግጡ ነው የሚውሉት። ቀኝ ሲረገጥ ግራ ይነሳል። አንዱ እግር ካልረገጠ ጋቢ የለም። የእሳቸውም ሕክምና ያቺው ማሰሪያ ነበረች። አንዷ ማሰሪያ ከእሳቸው እግር ወደ እኔ፣ ከእኔ እግር ወደ ሌላ ሰው ስትዞር ትውል ነበር። ልጅቷ አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዳ ለምና ያመጣቻት ናት።

ሽማግሌው አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ በእሳቸው አማርኛ ሁሉም ሰው አንተ ነው። በጋሞኛ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይሠሩና ሲጨርሱ "መምህር፣ አንተ ስንት ደረስክ?" ይሉኛል። እኔ አንዳንዴ ሃያ አምስት ላይ ሆኜ "ሠላሳ!" እላለሁ። እሳቸው "ጎበዝ!" ይላሉ። መስቀል ከመድረሱ በፊት ወደ ሥራቸው ለመመለስ ነበር ሐሳባቸው። እዚህ አገር መስቀል ማለት ዓመቱ ራሱ ነው፤ ሁሉም አዲስ የሚለብስበት፣ ሸማኔ ቀና ብሎ የማያይበት ወር ነው። "መስከረም ላይ እረግጣለሁ" ይላሉ፤ የተሰፋ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ወሬ መጣ። የምዕራብ ዓባያ የጤና ቡድን ነሐሴ ላይ ሊገጥመን ነው። ጓደኞቼ ደውለው "አምበል፣ ትደርሳለህ ወይስ ሌላ እንምረጥ?" አሉኝ። ሌላ እንምረጥ! "እንዴት አልደርስም!" አልኩ፤ ስልኩን ዘጋሁትና ጭኔን አየሁት።

ለልጅቷ ነገርኳት። ሳቋ መጣ። "ቲቸር፣ የዘንድሮውን ይተዉት። የዓመት ሰው ይበለን፤ ያኔ ጎል ያገቡባቸዋል።"

ተናደድኩ። አንድ ፍሬ ልጅ፣ እኔ ፊሽካ እየነፋሁ ያስሮጥኳት ልጅ፣ ስለ ጡንቻ ለእኔ ልታስተምር! ከዚያ ራሴን እንዲህ ብዬ አሳመንኩት፤ እሷ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ አስራ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣች፣ እኔ በየቀኑ፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ባስር የት እደርሳለሁ? የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እኮ ነኝ። አያችሁ ትዕቢት ሰው ሲያደነቁር።

ጓዳችን ውስጥ ያረጀ ብስክሌት አለ። ጎማውን ፈትቼ ከመነዳሪውን፣ ያንን የውስጡን ላስቲክ፣ ጎትቼ አወጣሁት። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጭኔ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠመጠምኩት፤ ጠበቅ አድርጌም ቋጠርኩት። አራት ቀን እንዲህ ሠራሁ። እግሬ ሲወጠር ጡንቻ የመጣ መስሎኝ በመስታወት አየሁት።

አምስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው። ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ የእሷን ሠርቼ ተመልሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሲቀላ ገበያ ወርዳለች። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ራዲዮኑን የስፖርት ዝግጅት ላይ አድርጌ፣ ከመነዳሪውን አስሬ፣ ጥቂት ሠርቼ ወንበሩ ላይ ደገፍ አልኩ። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

ስነቃ ዝግጅቱ አልቆ ሌላ ነገር ይወራል። ቀኝ እግሬ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን አይሰማኝም። አብጦ እንደ ጎመን ዘር ጠቁሯል። ቋጠሮውን ልፈታ ብል እምቢ አለኝ፤ ከጓዳ ቢላ እየተንፏቀቅሁ አምጥቼ ቆረጥኩት። መጀመሪያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? እርዳታ አልጠራሁም። ከመነዳሪውን አጥር ሥር ወዳሉት ሙዞች ወረወርኩት። እግሬ ሊቆረጥ ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ሰው እንዳያየው ነው።

ባለቤቴ ስትመጣ ጮኸች፤ ጎረቤት ባጃጅ ጠራ። ድንገተኛ ክፍል አስገቡኝ። ሐኪሙ የረጋ ደም ይኖር እንደሆነ በመሣሪያ ፈተሸ፤ ተመስገን አልነበረም። የእግሬ ጣቶች ግን አይታዘዙም። "ምን ሆነው ነው? ምን ነክቶት ነው?" አለኝ።

"ጠዋት ፊዚዮ ነበርኩ" አልኩ። "ያንን ማሰሪያ..."

እዚያ ላይ ዝም አልኩ። አልጨረስኩትም። የቀረውን ባለቤቴ ጨረሰችው፤ "በደም ማቆሚያ እያሰሩት ነው በየጊዜው! ይሄው ጉዳቸው!" አለች። ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደና ጻፈ። እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ውሸት የምንለው የሚናገሩትን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ጭኔን ገልጣ አየች። እሷ የምታስረው ማሰሪያ ሰፊ ነው፤ ጭኔ ላይ ያለው ግን ቀጭን የገመድ መንገድ ነው፣ በመካከሉም አንዲት ክብ የበለዘች ነጥብ አለች፤ አየር የሚነፋበት የብረት ጫፍ ተጭኗት የቀረች። ጣቷን እዚያች ነጥብ ላይ አሳረፈች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር አስረው ነበር?" አለች፤ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጮህኩባት። "አንቺ ያሰርሽው አይበቃም?!"

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ጣቷን አነሳች፤ አንሶላውን ጎትታ ጭኔን ሸፈነችውና ወጣች።

በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በቅዳሜው ቡድናችን ተከላካይ ነው። "እንደ ጓደኛ አይደለም የምጠይቅህ፤ አቤቱታ አለህ ወይ?" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ከማሰሪያው ሕክምና በኋላ ጉዳት ደረሰ የሚል ተጽፏል። በኋላ ነው የሚለው፤ ምክንያት አይልም። እውነት ነው እኮ ብዬ ራሴን አታልዬ ፈረምኩ። ማሰሪያዋ እስኪጣራ ተብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባት። ልጅቷንም እስኪጣራ ብለው ካርድ ክፍል አዛወሯት።

እግሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነፍስ ዘራ፤ ጣቶቼም ተንቀሳቀሱ። ለቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር ካርዴን በዚያች ትንሽ መስኮት የምታቀብለኝ እሷ ናት። በእጇ የሰው እግር የሚያድን ሙያ ያላት ልጅ ቁጥር እየጠራች ካርድ ትደረድራለች። "ደህና አደሩ ቲቸር? እግርዎ ተሻለ?" ትለኛለች። "ደህና ነው" ብዬ ካርዱን ነጥቄ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከተራዬ ወጥቼ ሌላ ሰው እስኪተካት ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከእሷ ዓይን ፀሐዩ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው መምጣታቸውን አላቋረጡም። ማሰሪያ ስለሌለ ባዶ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። ሸክም ሲጨመርባቸው ጉልበታቸው ያብጣል፤ ሲቀነስ ጡንቻቸው አያድግም። ጭናቸው ሲመነምን በዓይኔ አየሁት። እንደ ድሮው ጮክ ብለው መቁጠር ትተዋል።

የምዕራብ ዓባያ ቡድን የመጣ ዕለት ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ጓደኞቼ ከበቡኝ፤ "ይቺ ልጅ እኮ እግርህን ልታስቆርጥህ ነበር! ሳይማሩ እየተመረቁ" አሉ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ጠፍቶኝ አይደለም፤ ነቀነቅሁ። ሁለት ለባዶ አሸነፍን፤ ጎሎቹን ማን እንዳገባቸው እንኳ አላየሁም።

ቤትም ሰላም የለም። አንድ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ባለቤቴ ዘመም ያለውን ሙዝ ከአጥሩ ጋር አስራዋለች። የታሰረው በዚያ በተቆረጠው ከመነዳሪ ነው። ክው አልኩ። "ይሄን ላስቲክ ማን ቆረጠው?" አለችኝ ከኩሽና። "እኔ እንጃ" አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ፊቴን ስታጠብ፣ ጥርሴን ስፍቅ፣ ያ ላስቲክ ሙዙን አቅፎ ከነጫፉ ያየኛል።

አምስት ሳምንት አለፈ። አዲሱ ዓመት ገብቷል፤ መስቀል ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ሽማግሌው ሸማኔ ወረዱ። አንድ እጃቸው ዱላ፣ አንድ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ግን እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ያ ሣር ምን እንደሆነ አላጣውም። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ቁጣህ እዚያው ላይ ያበቃል። ሰይፍ የመዘዘም ቢሆን ይመልሳል እንጂ ያንን ሣር ተራምዶ አያልፍም።

"አይሆንም አባቴ፣ ኧረ በእግዜር!" ብዬ ከወንበሬ ስነሳ እሳቸው ዱላቸውን አስቀምጠው፣ በረንዳውን በእጃቸው ደግፈው፣ መጀመሪያ ደህናውን ጉልበት፣ ከዚያ የተሰፋውን፣ ሲሚንቶው ላይ አሳረፉት። ፊታቸው ሲጨማደድ አየሁ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘረጉት።

"መምህር፣ አንተ ተቆጥተሃል። ልክ ነህ፤ እግር ነው፣ ቀላል አይደለም። ልጅቷ ግን ልጅ ናት። አጠፋች፣ እሺ። ሆስፒታል ሄጄ ለመንኩ፤ ከሳሹ ካልተወ እኛ ምን እናድርግ አሉኝ። ስለዚህ ወደ አንተ መጣሁ። ይቅር በላት።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! የተበደሉት እሳቸው፣ የበደልኩት እኔ፣ ይቅርታ የሚለመንላት ደግሞ ያላጠፋችው ልጅ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ከበሩ ሥር ቁጭ ብላለች፤ እጇን አቁማ ታየኛለች።

"ይነሱ አባቴ፣ ይነሱ!" አልኩ።

"ይቅር ካላልክ አልነሳም።"

እና ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እስከዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። "ይቅር ብያታለሁ" አልኩ። ምንም ያላደረገችኝን ልጅ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ይቅር አልኳት።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። መረቁኝ። ከዚያ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልተነሱም። እንደገና ሞከሩ። ያ እግር ወደ ላይ አልገፋም አለ። እኔ ብብታቸው ሥር ገብቼ ላነሳቸው ስሞክር የእኔም ጉልበት ከዳኝ፤ አብረን ዘጭ ልንል ነበር። ሁለት አንካሳ ሽማግሌዎች ሲሚንቶ ላይ ተቃቅፈን ቀረን። እሳቸው ሳቁ፤ "አየህ፣ ማሰሪያዋ ብትኖር ኖሮ" አሉ። ባለቤቴ ናት ሰፌዱን አስቀምጣ መጥታ ያነሳቻቸው። ሲሄዱ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ነጠቅኳቸው።

ባጃጁ ሲርቅ ባለቤቴ ሣሩን ከወለሉ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አኖረችው። "አሁንስ አበዛኸው" አለች። ወደ ምስሯም ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ከመነዳሪውን ከሙዙ ላይ ፈትቼ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "እግሬን ያሰርኩት በዚህ ነው። ራሴ ነኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ እንዲያውም አስጠንቅቃኝ ነበር።"

እስቃለሁ ብሎ እንደሚፈራ ሰው አፉን ያዘ። "በከመነዳሪ?" አለ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በእኔ አፍሮ መሰለኝ። "ጻፍልኝ" አለ በመጨረሻ። በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ምንም ቃል አላድበሰበስኩም። እንደፈራሁት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሴቻ ደረሰ። አሁን ቅዳሜ ሜዳ ስመጣ ጓደኞቼ ጎማ እንደሚነፋ ሰው እጃቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስሜም ከመነዳሪ ሆኗል። ሲያንሰኝ ነው።

ልጅቷ ሰኞ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስገባ ማሰሪያውን የሽማግሌው ጭን ላይ እየጠቀለለች ነበር። መስቀል በዚያ ሳምንት ነው። እሳቸው ሊረግጡ ያሰቡት መስከረም አለፋቸው፤ ልጃቸው ለበዓሉ ከሌላ ሸማኔ ጋቢ እንደገዛችላቸው ራሳቸው ነገሩኝ። የሸማኔ አባት የሰው ጋቢ ለብሶ መስቀልን ሊውል። "ለጥምቀት እረግጣለሁ" አሉኝ። ማን ምን እንዳደረገ ሰምተዋል። ከቂም አንድም ነገር ፊታቸው ላይ አላየሁም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ አልጋው ላይ አልወጣሁም። አልጋውን ደግፌ ዝቅ ማለት ጀመርኩ። ይህን ቤቴ ሳስበው ነው ያደርኩት፤ ጠጠር ላይ ያንበረከክኋት ልጅ ፊት መንበርከክ ሲያንሰኝ ነው ብዬ።

"ቲቸር! ኧረ ምን ሆነዋል!" ብላ ክንዴን አፈፍ አደረገችኝ። "መንበርከክ ገና አልፈቀድኩልዎትም! ጅማቱን ሊበጥሱት ነው እንዴ?"

አነሳችኝና አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። አንገቴን ደፋሁ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ሱሪዬን ከፍ አድርጋ ማሰሪያውን መጠቅለል ጀመረች።

"ያን ዕለት አውቀሽ ነበር፤ አይደል?"

"ምልክቱን አይቼዋለሁ። እኛም ቤት ብስክሌት አለ።"

"ታዲያ ለምን ሸፈንሽው?"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ አስተማሪዬን ውሸታም ልበል?"

"በኋላስ? ኃላፊው ለብቻሽ ሲጠይቅሽ ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"ነግሬያቸዋለሁ" አለች። መለኪያውን እያየች ነው፤ ወደ እኔ አልዞረችም። "'መምህርሽ እኮ ነው፤ እንዴት ይዋሻል?' አሉኝ።" ማሰሪያውን መንፋት ጀመረች። ጭኔ ቀስ በቀስ ተያዘ። ልኩ ላይ ሲደርስ አቆመችው።

"ያኔም አራቱንም ዙር ሮጬ ነበር ቲቸር" አለች። "በሉ፣ ሠላሳ ይሥሩልኝ።"

እግሬን አነሳሁ። ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሽማግሌው ከጎኔ ሆነው ያዳምጣሉ። ሃያ አምስት ላይ ጭኔ እሳት ሆነ። ሃያ ስድስት አልኩ፤ ሃያ ሰባት አልኩ። ሠላሳውንም ቆጠርኩ፤ አንድም አልዘለልኩም።